በእንግሊዝ አገር ቤት ለሚገዙ ቤተ ሰቦች፤ የውል ነገረ ፈጅ ስለ መምረጥ

ልጆቻቸው፥ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው በሎንዶንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም ዘመዶች መካከል ብዙ ዓመት በኪራይ ቤት ከቈዩ በኋላ የራሳቸውን ቤት ለመግዛት የሚነሡ አሉ፤ በዚያን ጊዜም «ነገረ ፈጅ ያዙ ተባልን፤ ማንን እንያዝ? ስንት እንክፈል? ደላላው ያመለከተን ሰው አይበቃምን?» እያሉ ወደ ቤተ ሰቦቻቸው ይጽፋሉ፤ ቤተ ሰቦቻቸውም ጥያቄውን ወደ እኛ ያሻግሩታል። ጥያቄዎቹ እየተመላለሱ የሚመጡ ስለ ሆኑ፥ ዛሬ በአንድነት ሰብስበን ለመመለስ ፈቅደናል። ነገሩ የእንግሊዝ አገር ነገር ስለ ሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል። የምንናገረውም ስለ እንግሊዝና ስለ ዌልስ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድ የራስዋ ሕግና የራስዋ መዝገብ ያላት ስለ ሆነች፥ በኤዲንብራ ወይም በግላስጎ ቤት የሚገዛ ሰው ይህን ጽሑፍ መመሪያ አድርጎ እንዳይሄድ እናሳስባለን።

አስቀድሞ «ነገረ ፈጅ ስለ ምን ያስፈልጋል?» ለሚሉት እንመልሳለን። በእኛ አገር ልማድ ቤት የሚገዛ ሰው ሻጩን ያውቃል፥ ጎረቤቱን ይጠይቃል፥ ምስክር ያቆማል፥ ከዚያም በኋላ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ያጸድቃል። በእንግሊዝ አገር ግን ገዢና ሻጭ ቁልፍ እስኪቀባበሉ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ላይነጋገሩ ይችላሉ። ሻጩ ዋሽቶ እንዳያታልል ሕግ ቢከለክለውም፥ በቤቱ ላይ ያለውን ጕድለት ሁሉ ፈልጎ የመንገር ግዴታ በልማድ የለበትም፤ መጠየቅና መመርመር የገዢው ፈንታ ነው። ገዢው ይህን ሥራ በገዛ እጁ እንዳይሠራ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ነገር ግን ለቤት መግዣ የሚያበድር ባንክ ብድሩን የሚሰጠው ነገረ ፈጅ ሲኖር ስለ ሆነ፥ ከባንክ ተበድሮ የሚገዛ ሰው ሌላ መንገድ የለውም ማለት ይቻላል።

የነገረ ፈጁ ሥራ እንዲህ ነው። በ1862 ከተቋቋመው የመሬት መዝገብ ቤት የቤቱን መዝገብ አውጥቶ፥ ሻጩ እውነተኛ ባለቤት መሆኑንና ቤቱ በዕዳ መያዙን ወይም አለመያዙን ያያል። ለሻጩ ነገረ ፈጅ ጥያቄ በጽሑፍ ያቀርባል። ከማዘጋጃ ቤቱ ስለ መንገድና ስለ ግንባታ ፈቃድ፥ ከውሃ ኩባንያው ስለ ቧንቧና ስለ ፍሳሽ፥ ጎርፍ በሚያሰጋበት ስፍራ ስለ ጎርፍ፥ የድንጋይ ከሰል ይቈፈርበት በነበረ አገር ስለ ጕድጓዱ ያስመረምራል። ይህን ሁሉ በሪፖርት ጽፎ ለገዢው ከገለጸ በኋላ ውሉ በሁለቱ ነገረ ፈጆች መካከል ይለዋወጣል። ገዢው በዚያን ዕለት ቀብድ ይከፍላል፤ በልማድ የዋጋው 10 በመቶ ነው። ከዚህ በፊት ማንኛቸውም ወገን ያለ ቅጣት ሊተው ይችላል፤ ሻጩም ከፍ ያለ ዋጋ ከሚሰጥ ከሌላ ሰው ጋራ ሊስማማ ይችላል። ከዚህ በኋላ ግን ገዢው ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል። በ400,000 ፓውንድ ቤት ላይ ይህ 40,000 ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ ነገረ ፈጁ አንድ ወረቀት ሳያነብ ቢቀር ጕዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት ይቻላል።

ሪፖርቱን ከንቱ ወረቀት አድርገው የሚያዩትን ሰዎች ለማስጠንቀቅ አንድ ታሪክ እናስታውስ። በዎሪክሺር ገጠር የእርሻ መሬት የነበራቸው ባልና ሚስት፥ መሬቱ ከጥንት ጀምሮ የሰበካውን ቤተ ክርስቲያን የማሳደስ ዕዳ ያለበት ነው ተብለው ተከሰሱ፤ ነገሩም እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ2003 ተፈረደባቸው። የተጠየቁት ወጪ በብዙ አሥር ሺህ ፓውንድ የሚቈጠር ነበር። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ፥ ከ2013 ጥቅምት ወዲህ እንዲህ ያለው ዕዳ በመዝገቡ ላይ ካልሰፈረ አዲስ ገዢን በዋጋ ለገዛው መሬት አያስይዘውም፤ ነገር ግን መዝገቡን የሚያነብ ሰው ከሌለ፥ መሰፈሩንም አለመሰፈሩንም ማን ያውቃል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበትን እንናገር። ነገረ ፈጁ ቤቱን አያይም። ጣሪያው ያፈስስ እንደ ሆነ፥ ግድግዳው ተሰንጥቆ እንደ ሆነ የሚመረምር ሌላ ባለሙያ ነው፤ እርሱም ሰርቬየር ይባላል፥ ክፍያውም ለብቻው ነው። የባንኩ ገማች መጥቶ ሄደ ማለት ቤቱ ለገዢው ተመረመረ ማለት አይደለም፤ ገማቹ የሚሠራው ለባንኩ ነው።

ጠያቂዎቻችን «ሶሊሲተር ይሻላል ወይስ ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር?» ይላሉ። ሶሊሲተር በሕግ ሁሉ የሚሠራ ነገረ ፈጅ ነው። ሁለተኛው በቤትና በመሬት ማዛወር ብቻ ተምሮ ፈቃድ የተሰጠው ነው። ይህ ሥራ ቀድሞ በሶሊሲተሮች እጅ ብቻ ነበረ ማለት ይቻላል፤ በ1985 የወጣው ሕግ ነው ለሁለተኞቹ በር የከፈተላቸው። ለተራ ግዢ ሁለቱም ይበቃሉ። ነገሩ ከፍቺ፥ ከውርስ ወይም ከክርክር ጋራ የተያያዘ ከሆነ ሶሊሲተሩ ይመረጣል። ሁለቱም የየራሳቸው ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት አላቸው፤ የባለ ፈቃዶቹም መዝገብ ለማንም ያለ ክፍያ ክፍት ነው። ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት የነገረ ፈጁን ስምና የቢሮውን ስልክ በዚያ መዝገብ ላይ መፈለግ አለበት። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም።

ብድር የሚወስድ ገዢ ደግሞ ነገረ ፈጁ በባንኩ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ባንኮች ሥራቸውን የሚያሠሩት በዝርዝራቸው ውስጥ ባለ ሰው ነውና፥ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሰው የያዘ ገዢ ለሁለት ነገረ ፈጅ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል።

«መቼ እንያዝ?» ለሚሉት፦ ቤት መፈለግ ሲጀመር፥ ዋጋ ከመነገሩ በፊት። ዋጋው ተስማምቶ ደላላው በየቀኑ «የነገረ ፈጃችሁን ስም ንገሩን» እያለ ሲያስቸኵል የሚመረጥ ነገረ ፈጅ፥ በምርጫ ሳይሆን በጭንቅ የተያዘ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው ጥያቄ ግን ስለ ደላላው ሰው ነው። ደላላው ቤት ሲያሳይ በጎ ፊት ያሳያል፥ ሻይ ያስቀርባል፥ ከዚያም «ፈጣንና ርካሽ ነገረ ፈጅ እኛ እናመለክትዎታለን» ይላል። አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉት የምንወድደው ይህ ነው፤ ደላላው የሻጩ ሰው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ሻጩ ነው። ነገረ ፈጁን ሲያመለክትም ብዙ ጊዜ ከነገረ ፈጁ ክፍያ ይቀበላል። ይህ በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ደላላውም ነገረ ፈጁም ክፍያውን ለገዢው መግለጥ አለባቸው። ስለዚህ ገዢው በትሕትና «ይህን ሰው በማመልከትዎ ስንት ይከፈልዎታል?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ደላላው ያመለከተው ሰው ሁሉ ክፉ ነው አንልም፤ መልካም ሥራ የሚሠሩ አሉ። ነገር ግን በየወሩ ሥራ የሚልክለት ደላላው የሆነ ነገረ ፈጅ፥ ግዢውን የሚያፈርስ ጕድለት ባገኘ ጊዜ ለማን እንደሚያዝን ማሰብ ይገባል። ገዢው በዕድሜው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ይመጣለታል፤ ደላላው ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

ይህ ተራ ጥርጣሬ እንዳይመስል በቅርብ ዓመታት የሆነውን እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር ቤት በሁለት ዐይነት ይያዛል፤ አንዱ ፍሪሆልድ፥ ይኸውም ቤቱም መሬቱም የገዢው የሚሆንበት ነው፤ ሁለተኛው ሊዝ፥ ይኸውም ለተወሰነ ዘመን የሚያዝበት ነው። የሎንዶን አፓርትማዎች አብዛኞቹ ሊዝ ናቸው። ከ2017 ጀምሮ በጋዜጦችና በምክር ቤቱ ብዙ ጩኸት የተነሣበት ነገር፥ አዳዲስ ቤቶች በሊዝ ሲሸጡ ለመሬቱ ባለቤት በየዓመቱ የሚከፈለው ኪራይ በየ10 ዓመቱ እጥፍ እየሆነ እንዲሄድ በውሉ ውስጥ መጻፉ ነበር። በ300 ፓውንድ የጀመረ ኪራይ እንዲህ ቢሄድ በ50 ዓመት 9,600 ፓውንድ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቤት ማንም አይገዛም፥ ባንክም አያበድርበትም፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ ሊሸጡም ሊለቁም ሳይችሉ ቀሩ። ለምክር ቤቱ አባላት አቤት ካሉት ገዢዎች ብዙዎቹ፥ ቤቱን የሠራው ኩባንያ ያመለከታቸውን ነገረ ፈጅ እንደ ያዙና የኪራዩ ነገር በሚገባ እንዳልተገለጠላቸው ተናግረዋል። በ2022 የወጣው ሕግ በአዲስ ረዥም ሊዝ ላይ እንዲህ ያለውን ኪራይ በአብዛኛው አስቀርቶታል፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ ሊዞች ግን በገበያ ላይ አሉ፤ ዛሬ የሚገዛውም ሰው የሚገዛው እነርሱን ሊሆን ይችላል። ሊዝ የሚገዛ ሰው የቀረውን ዘመን፥ የመሬቱን ኪራይና በየዓመቱ የሚጠየቀውን የሕንጻ መጠበቂያ ገንዘብ ነገረ ፈጁ በቍጥር ጽፎ እንዲሰጠው ይጠይቅ። የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት በታች ሲወርድ ማስረዘሚያው እጅግ ይወደድ ነበር፤ ይህን የሚያሻሽል ሕግ በ2024 ወጥቷል፤ ነገር ግን አንቀጾቹ ደረጃ በደረጃ የሚሠራባቸው ስለ ሆኑ፥ የትኛው እንደ ተጀመረ በግዢው ቀን ነገረ ፈጁን መጠየቅ ይገባል።

አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ አማርኛ የሚያውቅ ነገረ ፈጅ አግኝቷል፤ የአገራችን ሰው ነው፤ ይህ አይሻልምን?» ብለው ጠይቀውናል። ሪፖርቱን በገዛ ቋንቋ ሰምቶ መረዳት ትልቅ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛው ለእንግሊዞቹም የሚከብድ ነውና። ነገር ግን የአገር ልጅነት ፈቃድ አይደለም። ስሙ በመዝገብ ላይ ይታይ፤ ቤት የማዛወር ሥራ በየዕለቱ የሚሠራ መሆኑ ይጠየቅ፤ በስደት ጕዳይ የታወቀ ጠበቃ በቤት ውል የታወቀ ነው ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ ሌላ ችግር አለ፤ ዘመድ የሆነን ነገረ ፈጅ ሰው ይሉኝታ ይዞት አይጠይቀውም፥ አይወቅሰውም፥ ቢያዘገይም አይከስሰውም። እኛ ከዘመድ ይልቅ፥ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሣ እንግዳ እንመርጣለን። ቢሮው በሰፈሩ መገኘቱም ያን ያህል አያሳስብም፤ ሥራው ዛሬ በኢሜልና በስልክ ስለሚሠራ በማንቸስተር ያለ ነገረ ፈጅ የሎንዶንን ቤት ሊያዛውር ይችላል። የሚያሳስበው ጕዳዩን የሚይዘው አንድ የታወቀ ሰው መሆኑ፥ እርሱም ዕረፍት ሲወጣ የሚተካው ማን እንደ ሆነ ነው። በመቶ የሚቈጠሩ ጕዳዮችን በየወንበሩ የሚያዟዙር ቢሮ ርካሽ ነው፤ የሚጠፋው ጊዜ ግን የገዢው ነው።

ስለ ክፍያው አጭር ነገር እንበል። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የሶሊሲተሮች ቢሮዎች የቤት ማዛወሪያ ዋጋቸውን በግልጥ እንዲያወጡ ታዝዘዋል። የሚቀርበው ሒሳብ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የነገረ ፈጁ የድካም ዋጋ ነው፥ ሁለተኛው እርሱ ለሌሎች የሚከፍለው፥ እንደ ምርመራና እንደ መዝገብ ዋጋ ያለው ነው። በድካሙ ዋጋ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ዋጋው ቁርጥ መሆኑን፥ ለሊዝ፥ ለስጦታ ገንዘብና ለባንክ ሥራ ተጨማሪ የሚያስከፍል መሆኑን፥ ግዢው ቢፈርስ ስንት እንደሚጠየቅ በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ከሦስት ቢሮ ተጠይቆ ከሁሉ ያነሰው ዋጋ ሲመጣ፥ ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ደጋግሞ ማንበብ ነው።

ከነገረ ፈጁ ዋጋ ይልቅ ቤተ ሰቡን የሚያስደነግጠው ግን የቴምብር ቀረጥ ነው። በእንግሊዝ (የዌልስ ቀረጥ የተለየ ነው) ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ በነበረው ተመን ስናሰላ፥ በ400,000 ፓውንድ ቤት የሚገዛ ሰው 10,000 ፓውንድ ይከፍላል። ከዚያ በፊት ቤት ኖሮት የማያውቅ ገዢ 5,000 ብቻ ይከፍላል። ሌላ ቤት ያለውና ዋና መኖሪያውን የማይለውጥ ሰው ግን 30,000 ይከፍላል። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንለምነው ይህን ነው፤ ሕጉ «ቤት» ሲል በእንግሊዝ ያለውን ብቻ ሳይሆን በዓለም ሁሉ ያለውን ይጨምራል። በአዲስ አበባ በስሙ ቤት ያለው፥ ወይም ከአባቱ ቤት ድርሻ የወረሰ ሰው፥ «በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዬ ነው» ብሎ ቢፈርም ሐሰት ሊሆንበት ይችላል። ባልና ሚስትም በዚህ ነገር እንደ አንድ ሰው ይቈጠራሉ፤ የሚስቲቱ ቤት ባልዮውን ያስከፍላል። ነገረ ፈጁ ይህን በመጀመሪያው ቀን ካልጠየቀ መልካም ምልክት አይደለም፤ ቢጠይቅም ባይጠይቅም ግን በአገር ቤት ያለው ንብረት ሁሉ ይነገረው። ትልልቅ የቤተ ሰብ ቤቶች በአንዱ ልጅ ስም የሚመዘገቡበት ልማድ እዚህ ስላለ፥ የሚልኩት ወላጆችም ነገሩን ማሰብ ይገባቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ገንዘቡ ምንጭ። ነገረ ፈጁ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ በዝርዝር ይጠይቃል፤ በ2017 በወጣው የገንዘብ ማጠብ መከላከያ ደንብ መሠረት ይህን መመርመር ግዴታው ነው። ብዙ የአገራችን ሰዎች በዚህ ይቈጣሉ፤ «ሌባ አደረገን» ይላሉ። ቍጣው አይገባም፥ ዝግጅት ግን ይገባል። በዕቁብ የተጠራቀመ ገንዘብ በጥሬው ተሰብስቦ አንድ ቀን በባንክ ሒሳብ ላይ በድንገት ሲታይ፥ ዕቁብ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ስለዚህ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ዕቁቡን በባንክ እያስተላለፈ ይጣል፥ የዳኛውንና የጸሓፊውን መዝገብ ግልባጭ ይያዝ፥ ነገረ ፈጁንም ከመያዙ በፊት «የዕቁብ ገንዘብ አለኝ፤ ምን ማስረጃ ይበቃዎታል?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱን በጽሑፍ የሚሰጥ ነገረ ፈጅ ጥሩ ነው፤ «ኋላ እናያለን» የሚለው ግን ኋላ ውሉ ሊለዋወጥ ሲል ያስቆማል።

ዘመድ የሚሰጠው ገንዘብም እንደዚሁ ይመረመራል፤ ሰጪውም ማንነቱን ያሳያል፥ ገንዘቡ ስጦታ መሆኑንና በቤቱ ላይ ምንም መብት የማይጠይቅ መሆኑን ይፈርማል። ይህችን ወረቀት ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ይፈርሟታል። እኛ የምናውቃት አንዲት ሴት በሎንዶን ብዙ ዓመት በሆስፒታል ሠርታ ያጠራቀመችውን 30,000 ፓውንድ፥ እንደ ልጅዋ አድርጋ ላሳደገችው ታናሽ ወንድምዋ ለቤት መግዣ ሰጠችው። በቤተ ሰቡ ዘንድ ስታረጅ አንድ ክፍል የእርስዋ እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን አልጻፈውም፤ መጻፉ እንደ አለመተማመን ይቈጠር ነበርና። ወረቀቱ በመጣ ጊዜ ወንድምዋ «ለባንኩ ነው» አላት፥ ፈረመች። ወንድምዋና ሚስቱ ቤቱን በአንድነት፥ ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ሁሉ ለቀሪው በሚሆንበት ሥርዓት አስመዘገቡት። ከስድስት ዓመት በኋላ ወንድምዋ በድንገት ሞተ። ቤቱ በሕግ የሚስቲቱ ሆነ፤ እርስዋም ልጆች ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ቤቱን ሸጠች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ባልዋ ስለ ክፍሉ ነግሯት እንደ ሆነም አናውቅም። እኅትዮዋ ወደ ነገረ ፈጁ ሄዳ «አንተ ነበርህ ያስፈረምኸኝ» ስትለው፥ እርሱ «እኔ የወንድምዎ ነገረ ፈጅ ነበርሁ፤ የእርስዎ አልነበርሁም» ብሎ መለሰላት። መልሱ እውነት ነበር።

ይህን ታሪክ የጻፍነው ነገረ ፈጁ ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ የገዢው ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የሚሰጠውም ሰው ፈንታ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ገንዘቡ እውነተኛ ስጦታ ከሆነ መፈረሙ መልካም ነው። ድርሻ የሚፈለግበት ከሆነ ግን ስጦታ ነው ብሎ መፈረም ባንኩንም ራስንም ማታለል ነው፤ ሰጪው የራሱን ነገረ ፈጅ ይዞ፥ ድርሻው ባንኩ እያወቀው በጽሑፍ እንዲሰፍር ማድረግ አለበት። ገዢዎቹም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነገረ ፈጁ አያያዛቸውን ይጠይቃቸዋል፤ አንደኛው አሁን የተናገርነው፥ ቀሪው ሁሉን የሚወስድበት ነው፤ ሁለተኛው የእያንዳንዱ ድርሻ የተለየ ሆኖ፥ ቢሞት በኑዛዜው ለወደደው የሚያልፍበት ነው። ልጅ ያላቸው ሆነው ሁለተኛ ትዳር የመሠረቱ፥ ወይም ወንድምና እኅት አንድ ላይ የሚገዙ፥ ይህን ጥያቄ በችኰላ ምልክት አድርገው እንዳያልፉት። ጥሩ ነገረ ፈጅ በቤተ ሰብ መካከል ታፍሮ የማይጠየቀውን የሚጠይቅ ነው፤ እንግዳነቱም ለዚህ ይጠቅማል።

ስለ ስም አንድ ቃል እንጨምር። የእኛ ባልና ሚስት የቤተ ሰብ ስማቸው አንድ አይደለም፤ ልጁም በአባቱ ስም ይጠራል፤ በፓስፖርት ላይ የተጻፈውና በባንክ ላይ የተጻፈው ፊደልም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ይህ ለእንግሊዙ ጸሓፊ እንግዳ ነገር ነው። ነገረ ፈጁ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ወረቀት አስተያይቶ አንዱን አጻጻፍ እንዲይዝ ማድረግ፥ በመጨረሻው ሳምንት ከሚመጣ መዘግየት ያድናል።

አሁን ደግሞ ስለ ሌቦች። ገዢው የቤቱን ዋጋ በነገረ ፈጁ ሒሳብ በኩል እንደሚልክ የሚያውቁ አታላዮች የነገረ ፈጁን ወይም የገዢውን ኢሜል ሰርስረው ገብተው፥ ውሉ ሊፈጸም ሲቃረብ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል፤ ወደዚህ ላኩ» የሚል መልእክት ይጽፋሉ። መልእክቱ የነገረ ፈጁን ስም፥ የጕዳዩን ቍጥር፥ የአነጋገሩንም ልማድ የያዘ ነው። ብዙ ጊዜ በዓርብ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ባንክም ቢሮም ሊዘጋ ስለሆነ ሰው ይቸኵላል። እንዲህ የሄደ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ነገረ ፈጁ በተያዘበት ቀን የሒሳቡን ቍጥር ከቢሮው በአካል ወይም በመጀመሪያው ወረቀት መቀበል፥ ከዚያም «በኢሜል አይለወጥም» የሚል ቃል መያዝ ነው። ለውጥ ከመጣ፥ በኢሜሉ ላይ ወዳለው ስልክ ሳይሆን በተቈጣጣሪው መዝገብ ላይ ወደሚገኘው መደወል፤ ትልቁን ገንዘብ ከመላክ በፊትም ጥቂት ፓውንድ ልኮ መድረሱን በስልክ መጠየቅ። ነገረ ፈጅ ሲመረጥ «ከእንዲህ ያለ ማታለል ደንበኛዎን እንዴት ይጠብቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ከዋጋው ይልቅ ይጠቅማል።

«ነገረ ፈጁ ቢበድለንስ?» ለሚሉት፦ በመጀመሪያ አቤቱታው ለቢሮው ራሱ በጽሑፍ ይቅረብ። በስምንት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ፥ ወይም መልሱ ካላጠገበ፥ ነገሩን በነጻ ወደሚያየው የሕግ ጕዳዮች ዕንባ ጠባቂ መውሰድ ይቻላል። ይህ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመረው በ2010 ነው። የአቤቱታው ጊዜ የተወሰነ ስለ ሆነ መዘግየት አይገባም።

ቁልፉ ከተሰጠ በኋላም ሥራው አላለቀም። የቴምብር ቀረጡ ማስታወቂያ በ14 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ስሙም በመሬት መዝገብ ቤት መመዝገብ አለበት። ብዙ ቤተ ሰቦች ቤቱን ባርከው፥ ቡና አፍልተው ከገቡ በኋላ ነገረ ፈጁን ይረሱታል። የመዝገቡ ግልባጭ እስኪመጣ ድረስ ግን ይጠየቅ። ሲመጣም ስሙ በትክክል መጻፉ፥ የሁለቱ ባለቤቶች አያያዝ እንደ ተስማሙት መሆኑ፥ የቀድሞው ባለቤት ዕዳ መሰረዙ ይታይ። ስሕተት ቢገኝ በዚያው ሳምንት ለነገረ ፈጁ ይጻፍለት። የመዝገብ ቤቱም ያለ ክፍያ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ አለ፤ አንድ ሰው እስከ 10 ቤት ድረስ አስመዝግቦ፥ በቤቱ መዝገብ ላይ ሌላ ሰው ማመልከቻ ሲያቀርብ በኢሜል እንዲነገረው ማድረግ ይችላል። ቤታቸውን አከራይተው ወደ አገር ቤት የሚመለሱት ከመሳፈራቸው በፊት ይህን ያድርጉ።